የባለቤትነት ቃል

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ምንም ሳይለወጥ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሁኔታ እንዲህ ነበር። በመዝገብ ሠላሳ አንድ ሠራተኛ አለው፤ የሚመጡት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ካሜራ ሦስት አለው፤ የሚሠሩት ሁለት ሲሆኑ ከሁለቱ አንዱ ሩቁን አቅርቦ ማሳየት ትቷል። ደመወዝ ከተከፈለ አራት ወር ከስድስት ቀን ሆኖታል። ከአገሩ ሰው ከመቶ አራቱ ብቻ በሚናገረው ቋንቋ በቀን ስድስት ሰዓት ያስተላልፋል፤ ዜና፣ የልጆች ሰዓት፣ የሐዘንና የጠፋ ሰው ማስታወቂያ፣ ከዚያ ያንኑ መልሶ። በሁለተኛው ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ወርዱ ሁለት ሜትር ከአሥር የሆነ መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ውስጡ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ቁመት ሙሉ መስታወትና በሽቦ ላይ የተሰቀሉ ዘጠኝ ጃኬቶች ይገኛሉ። ዘጠኙም ከፊት ሲያዩዋቸው እንከን የላቸውም። ከኋላ ግን ከአንገት እስከ ወገብ መሃል ለመሃል ተተርትረዋል፤ ቀጭን ሰው ሲለብሳቸው በመርፌ ቁልፍ ይጠብባሉ፣ ወፍራም ሲለብሳቸው ይለቀቃሉ። ካሜራ ጀርባ አያይም። ዘጠኝ ጃኬት ለአሥራ አራት ሰው እንዲበቃ ይህን ዘዴ ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። በዚያ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በዚህም ምክንያት ይመስላል፣ ከሁሉም ያነሰው ደመወዝ የሷ ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንድሟ ቤቷ መጣ። ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎት ስለነበር ሲያንኳኳ ቀድማ በሯን የከፈተችው ጎረቤቷ ነበረች። ቤቷ በአንድ ረድፍ ከተሠሩት ስድስት ክፍሎች ሦስተኛው ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ይማርሽ ይባላል። ወንድሟ የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ፌስታል ይዟል። ከፌስታሉ ጥቁር የቆዳ ጫማ አወጣ፤ ተረከዙ አራት ጣት ይሆናል፣ አዲስ ነው፣ ዋጋው ከሥሩ አልተላጠም። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። ልብስ ሰፊዋ ዋጋውን አየችው፤ የሚከፈላት ቢሆን ኖሮ የወር ደመወዟ ከዚያ በሁለት መቶ ያንሳል።

«እታለም፣ እግርሽ ሠላሳ ስምንት አይደል?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

 እሷ የሱን አንገት፣ የትከሻውን ወርድ፣ የሱሪውን ቁመት በቃሏ ታውቃለች። የለበሰው ሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ፈታ የገለበጠችው እሷ ናት፤ ከተገለበጠ እንኳ ስድስት ወሩ ነው፣ አሁን በዚህኛውም በኩል መሳሳት ጀምሯል።

«ዛሬ ከብሮድካስት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል» አለ።

«ይምጣ።»

«የሚያነጋግሩት አንቺን ነው።»

«እኔን ምን ብለው?»

«የጣቢያው ባለቤት ስለሆንሽ።»

ሳቀች። ልጅ ሆነው እንዲህ እያለ ያታልላት ነበር፤ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቆይቶ በመጨረሻ እሱም ይስቃል። አሁን ግን ጠብቃው አልሳቀም። ጫማውን እያየ ነገራት። ከስድስት ወር በፊት ለባንክ ነው ብሎ ስፌት ክፍሏ ድረስ መጥቶ ያስፈረማት ወረቀት ለባንክ አልነበረም። ያን ቀን መርፌ በጥርሷ ይዛ ነበር፤ ወረቀቱ ታጥፎ የሚታየው የፊርማው ቦታ ብቻ ስለነበር መርፌውን እንኳ ሳታወጣ ነው የፈረመችው። ወረቀቱ የጣቢያውን ሃምሳ አንድ በመቶ የሷ አድርጓል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ከግማሽ በላዩ የዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ንብረት የሆነ ጣቢያ ለማሰራጫው ማማ የሚከፍለው ኪራይ በግማሽ ይቀነስለታል። እውነተኛው ድርሻ ግን በዚያው ወር ለአንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ተሽጧል። ባለ ሲሚንቶው ከቋንቋው አንዲት ቃል አያውቅም።

«ያን ጊዜ የሁለት ወር ደመወዝ በምን የከፈልኩ መሰለሽ?» አለ ወንድሟ።

«እምቢ ብልስ?»

«እምቢ ካልሽ ኪራዩ ሙሉ ይሆናል። ሙሉ ከሆነ በወሩ መጨረሻ ከአየር እንወርዳለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እጠየቃለሁ።»

 ጎንበስ ብላ እግሯን ጫማው ውስጥ አስገባች፤ ተረከዟ ከውጭ ቀረ፤ በማንኪያ እጀታ ገፍታ አስገባችው። እሱ የምትለውን ያስጠናት ጀመር። ገንዘቡን ከየት አመጣሽው ካሉሽ የአባታችን መሬት ተሽጦ ነው በይ።

«አባታችን መሬት ነበረው እንዴ?»

«እታለም፣ እባክሽ።»

ሲወጡ ጎረቤቷ በሩ ላይ ውሃ እየደፋች ነበር። ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ምነው በማለዳ? የምታገቢ ነው እንዴ?» አለች።

«ሥራ ነው።»

«ሥራ እንዲህ የሚያስዋብ ከሆነ እኔንም ውሰዱኝ።» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጌታዬ፣ የጠፋውን የአጎቴን ማስታወቂያ ዛሬም ታነቡልኛላችሁ አይደል? ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። ሰው ቢያገኘው እንኳ ከኛ ቋንቋ በቀር አያውቅም፣ ማን ይረዳዋል?»

«ይነበባል» አለ፤ ፊቷን ግን አላየም።

ስፌት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ሰማያዊውን የዜና አንባቢዋን ጃኬት መረጠች፤ ከዘጠኙ ገና ክርኑ ያልነተበው እሱ ብቻ ነበር። ዜና አንባቢዋ ቀጭን ናት፤ ጃኬቱ ለልብስ ሰፊዋ እንዲሆን ጀርባው እስከ መጨረሻው መከፈት ነበረበት። በተከፈተው መሃል ጥቁር ጨርቅ ደግፋ በመርፌ ቁልፍ መያዝ አለባት። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ጀርባ ስትይዝ ኖራለች፤ የራሷን ጀርባ ግን የሚይዝላት ሰው አልነበረም። ወንድሟ መርፌ ቁልፎቹን ከእጇ ተቀበለ። በመስታወቱ አየችው። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ጣቶቹ ሲሚንቶ ቢያቦኩ የሚሻላቸው ይመስላሉ። ሦስተኛው ላይ ወጋት።

«ወጋሁሽ?»

«የለም።»

ወግቷታል።  ሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን ከያዘ በኋላ ጨርቁን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ዳበስ አደረገው፤ ለጃኬቱ ይሁን ለሷ አልታወቃትም።

ከቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪዋ እስክትመጣ በወንድሟ ቢሮ እንድትቀመጥ ተባለ። ቢሮው ስትገባ ባለ ሲሚንቶው አስቀድሞ መጥቶ በእንግዳ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ሻይ እየጠጣ ነበር። አንገቷ ላይ ሜትሯን ረስታዋለች። ሰውየው መጀመሪያ ያየው ሜትሩን ነው።

«እሰይ! ሰፊዋ አንቺ ነሽ? እስቲ ይህን እጅጌ እይልኝ፤ ከገዛሁት ጀምሮ አውራ ጣቴን ይውጥብኛል» ብሎ የአገሩ ሰው ሁሉ በሚናገረው በትልቁ ቋንቋ ተናገራትና ክንዱን ዘረጋ። አእምሮዋ ገና ሳያስብ እጇ ታዘዘ። ከኪሷ ጠመኔ አወጣች፣ ተንበረከከች፣ እጅጌውን አጥፋ ለካች። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ሁለት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስታጥፍ ሰውየው ከራሷ በላይ ከወንድሟ ጋር ጨዋታውን ቀጠለ።

«ሴትየዋን በደንብ አስጠንተሃታል?»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዎ።»

«አትንተባተብብን እንጂ። ይህን ብቻ እንለፍ። ከወሩ መጀመሪያ ዜናው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ቀሪውን ለማስታወቂያ እናደርገዋለን፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ። ቅር አይበልህና ይህን ቋንቋ ማን ይሰማዋል? እስቲ ንገረኝ፣ ስንት ናችሁ?»

ወንድሟ «እናያለን» አለ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አላየችውም፤ ግን ጠበቀች። ይህች እኮ እህቴ ናት እስኪል ጠበቀች። የጠበቀችበት ጊዜ አንድ እጅጌ ለማጠፍ የሚፈጀውን ያህል ነው፣ ከዚያም የሁለተኛውን ያህል። ሰውየው ኮቱን አውልቆ ክንዷ ላይ ጣለላት፤ «ለነገ ይድረስልኝ» አለና በጓሮው ደረጃ ወረደ። ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ወንድሟ የሻይ ብርጭቆውን አንስቶ ከጠረጴዛው ላይ የቀረውን ክብ እርጥበት በወረቀት ሲጠርግ ቆየ። ደጋግሞ ጠረገው። እርጥበቱ ከጠፋም በኋላ ጠረገው።

ተቆጣጣሪዋ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ ያደረገች፣ ቦርሳዋን ማንም እንዲይዝላት የማትፈቅድ ሴት ናት። ቋንቋቸውን ባለማወቋ ገና ስትቀመጥ ይቅርታ ጠየቀች። ወንድሟን በትሕትና ከክፍሉ አስወጥታ ጥያቄዋን ጀመረች። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከአባቴ መሬት። መሬቱ የት ነበር? ከወንዙ ማዶ። ስንት ካሬ ሜትር ነው?

ልብስ ሰፊዋ የሰው ትከሻ በዓይኗ አይታ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳትሳሳት የምትናገር ሴት ናት። የሌለ መሬት ግን በምን ይለካል። «ሰፊ ነው» አለች። ተቆጣጣሪዋ ብዕሯን አንስታ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ «ሰፊ» ብላ ጻፈች።

ጣቢያውን ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ጎኗን እያስቀደመች ሄደች። ጫማው ተረከዟን ልጦታል። እንግዳዋ ከፊት እንድትሆን በየበሩ «ይለፉ፣ ይለፉ» ትላለች። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ግን ከሁለት አንዳቸው መቅደም ነበረባቸው፤ ተቆጣጣሪዋ «ባለቤቷ ትቅደም እንጂ» ብላ ቆመች። ምንም ማድረግ አልቻለችም። ወጣች። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ጀርባዋን ጣት ሲነካት ተሰማት።

«ይቅርታ» አለች ተቆጣጣሪዋ ቀስ ብላ፤ «አንዱ መርፌ ቁልፍ ተከፍቷል። እንዳይወጋዎት።» ዘጋችላት። ከዚያ እጇ ለአንድ አፍታ እዚያው ቆየ፤ ሴትየዋ ሌሎቹን ስድስቱን እየቆጠረች መሆኗን ልብስ ሰፊዋ ያወቀችው በጀርባዋ ነው። ሙቀቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ መጣ። ተሰድባ ቢሆን ትችለው ነበር። ሴትየዋ ግን ስለ ጃኬቱ ሁለተኛ ቃል አልተናገረችም፤ የቀረውን ደረጃ ስለ ሕንፃው እድሜ እየጠየቀች ወጡት።

ስቱዲዮው በር ላይ ወንድሟ እየጠበቃቸው ነበር። እዚያ ተቆጣጣሪዋ እሱ ያላወቀውን ነገር ተናገረች። አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቃሉን በጣቢያው ካሜራ ፊት፣ በጣቢያው ቋንቋ ይሰጣል። ያው ቅጂ፣ አንዲት ሰከንድ ሳይቆረጥ፣ ለአሥር ምሽት ከዜና በኋላ ይተላለፋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም የሚል ተመልካች በጽሑፍም በስልክም፣ ስሙን ባይናገርም እንኳ፣ ተቃውሞውን ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ይችላል። ውሳኔው ከአሥሩ ቀን በኋላ ነው። «መሥሪያ ቤታችን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የለውም» አለች፤ ይህን ስትል እሷም ያፈረች መሰለች። «ስለዚህ ዳኛው ተመልካቹ ነው።»

ወንድሟ ተደግፎ የነበረውን በር ለቀቀ። ደብዳቤ ተፈርሞ የሚያልቅ መስሎት ነበር። ወረቀት ፈልጎ ቆሞ አምስት መስመር ጻፈና ለእህቱ ሰጣት። እጅ ጽሑፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ የተኛ ይመስል ነበር።

ስቱዲዮው ውስጥ ካሜራማኑና ድምፅ ቀጂው ነበሩ፤ ዜና አንባቢዋም የራሷን ጃኬት በሌላ ሰው ላይ አይታ በር ላይ ቆማለች። ካሜራማኑ ረጅምና ደረቅ በመሆኑ ሁሉም ጣውላ ነው የሚሉት። ልብስ ሰፊዋ ዜና ማንበቢያው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፊቱ በራ።

«እትዬ! ዜና ልታነቢልን ነው? በናትሽ ደመወዝ ተከፈለ ብለሽ አንብቢልን።»

«መጀመሪያ አየሩን ታንብብልን» አለ ድምፅ ቀጂው፤ «ደመወዙን ማንም አያምናት።»

ሳቁ። ተቆጣጣሪዋም ቋንቋውን ባትሰማም ሳቃቸውን አይታ ፈገግ አለች። ወንድሟ ብቻ አልሳቀም። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አየች። እኔ የዚህ ጣቢያ ሃምሳ አንድ በመቶ ባለቤት ስሆን፣ ይላል። ጣውላ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አሰበች። አራት ወር ከስድስት ቀን በነፃ ካሜራ የተሸከመው ለሷ ነበር ማለት ነው፤ ምሳ ሰዓት ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ሲሰጣት የነበረው ለአሠሪው ነበር ማለት ነው። ጎረቤቷም አለች። ባለፈው ወር የአምፖል መግዣ ያበደረቻት እሷ ናት። ያች ሴት ማታ ቴሌቪዥን ላይ የጣቢያውን ጌታ ታያለች። ለልብስ ሰፊዋ ሌላ ነገር አልታይ አላት፤ ማማውም፣ ኪራዩም፣ ሕጉም ጠፉባት፤ የታያት እነዚህ ሁለት ፊቶች ናቸው። ቀይዋ መብራት ስትበራ ወረቀቱን በግምባሩ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ የዚህ ጣቢያ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖባት አቋርጣ ምራቋን ዋጠች። «ወረቀቱ ግማሹና ከግማሹ በላይ የኔ ነው ይላል። አልገዛሁትም። አባቴ መሬት አልነበረውም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣቢያው የተሸጠው ለአንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው። የሸጠው ወንድሜ ነው። የሸጠው ለደመወዝ ነው፤ አልበቃም እንጂ። ከወሩ መጀመሪያ ዜናችሁ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ ይህን ዛሬ እጅጌ እየለካሁ ሰማሁ። የኔ ነው ካልኩ ኪራዩ ግማሽ ነው፤ የኔ አይደለም ካልኩ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ቋንቋችንን አትሰማም። ከሷ መሥሪያ ቤት የሚሰማ የለም። የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። አሥር ቀን አላችሁ።» ቆመች። ሌላ የምትለው እንዳለ ተሰምቷት ፈለገችው። «ይህን ጃኬትም ተውሼው ነው» አለች።

 ቋንቋውን የሚሰሙ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱም ወደማይገጣጠሙበት ቦታ ተመለከቱ። ዜና አንባቢዋ ጫማዋን አየች። ድምፅ ቀጂው የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ያዘው፣ ያልሰማው ነገር ያለ ይመስል።

«ድገሚው» አለ ወንድሟ በቋንቋቸው።

ጣውላ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው፣ «ጥሩ ነው። አይደገምም» አለ።

«ችግር አለ?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ወንድሟ አፉን ከፈተ። አለ ካለ ምን እንደሆነ መናገር ይኖርበታል። እህቱን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ ተቆጣጣሪዋን አየ። «የለም» አለ በትልቁ ቋንቋ። «አልቋል።»

ቅጂው ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ ርዝመቱን መዝግባ አንዱን ግልባጭ በፖስታ አሸገች፣ ፖስታውን አስፈረመች። ስትወጣ የልብስ ሰፊዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ቋንቋውን ባላውቅም ከልብዎ መናገርዎ ያስታውቃል» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች።

ወንድሟ ስፌት ክፍል ድረስ ተከተላት። ሳትጠይቀው ከኋላዋ ቆሞ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ ቀርፋፋ ነበር ግን አልወጋትም። ሰባቱንም ቆርቆሮው ውስጥ ሲጥላቸው ድምፃቸው ተሰማ።

«አሳፈርሽኝ» አለ።

«እኔም አፍሬያለሁ።»

«ምን እንዲያደርጉ ነው የፈለግሽው?»

 ሲናገር ነው የገባት። ለብቻዋ መሸከም ያቃታትን ነገር ቋንቋውን ለሚሰማ ሁሉ አከፋፈለችው እንጂ ከጫንቃዋ አላወረደችውም። እሱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ የራሷን ጫማ አደረገች፣ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ የባለ ሲሚንቶውን እጅጌ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አሳጠረች። ስፌቱን እንደ ሌላው ቀን አሳምራ ሠራችው። ይህም አሳፈራት። ምሳ ሰዓት ላይ ጣውላ እንደወትሮው ዳቦውን ገመሰላት፤ ግማሹን ከመስጠቱ በፊት ግን ቆም ብሎ የትኛው እንደሚበልጥ አየና ትልቁን ሰጣት። 

ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ መብራቷን አጠፋች። የዜናው መዝጊያ ሙዚቃ በግድግዳው መጣ፣ ከዚያ የራሷ ድምፅ። ከግራ ቤት መጣ፣ ከቀኝ ቤት መጣ፣ ከማዶ ካለው ሱቅም መጣ፤ እኩል አልነበሩም፣ አንዱ ከሌላው በግማሽ ቃል ይዘገያል። የምታውቁት ታውቁታላችሁ ሲል የግራ ቤቱ ቴሌቪዥን ድምፅ ጨመረ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ እንዲህ እንደሚረዝም አታውቅም ነበር። ሲያበቃ በሩን የሚያንኳኳ ጠበቀች። የመጣ ሰው የለም። ወንድሟ በማግስቱ እንደነገራት፣ ያን ማታ የደወለው ባለ ሲሚንቶው ብቻ ነበር፤ አይቷታል፤ «ጎበዝ ናት፣ አልተንተባተበችም» ብሏል። ሰፊዋ መሆኗን እንኳ አላስተዋለም።

ጠዋት ቧንቧው ጋ ሰባት ሴቶች ተሰልፈዋል። ጄሪካኗን ይዛ ስትደርስ ወሬው ቆመ። ውሃው ብቻ ይንፎለፎላል። ሰላም አለቻቸው፤ ሰላም አሏት። ጎረቤቷ ረዘም አድርጋ ካየቻት በኋላ «ጃኬቱ ያምርብሻል» አለች። «ሰማያዊ ይሆንሻል» አለች ሌላዋ። በሰልፉ መጨረሻ ልትቆም ስትል የፊተኛዋ ሴት ጄሪካኗን ወደ ጎን አድርጋ «ቅደሚ፣ ሥራ ይረፍድብሻል» አለቻት። ስድስት ዓመት በዚያ ቧንቧ ስትቀዳ አንድም ቀን ተራ የለቀቀላት አልነበረም። ቀደመች። ጄሪካኑ እስኪሞላ ጀርባዋን እንደሚያዩት ታውቃለች፤ ዞር ብትል ግን የሚያያት እንደማታገኝ ደግሞ ታውቃለች። ጮክ ብለው ቢሰድቧት ትመልስ ነበር፣ ወይም ታለቅስ ነበር። ለዚህ ግን ምን ይመለሳል።

ሌሎቹም ቀናት እንዲሁ ሄዱ። በየምሽቱ ድምፅዋ በግድግዳው ይመጣል፤ ከአራተኛው ምሽት ጀምሮ ግን የግራ ቤቱ ሰዎች ዜናው ሲያልቅ ድምፁን ይቀንሱት ጀመር፣ ከዚያም ሌሎቹ። ጎረቤቷ አጎቷን በአምስተኛው ቀን አገኘች፤ ሦስት ሰፈር አልፎ አንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ማስታወቂያውን የሰማች የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ በቋንቋው አናገረችው። ጎረቤቷ ልታመሰግን መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አመሰገነች፣ ግን አልገባችም፤ ስትሄድ «ጣቢያችንን ያቆይልን» አለችና ያለችው ነገር እንደቆረጣት ሁሉ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ጣቢያው ውስጥ ከአሥራ ዘጠኙ ሠራተኞች ከሥራ የቀረ አንድም የለም። ወንድሟ በየቀኑ ወደ ስፌት ክፍሏ በር መጥቶ ይቆምና የረሳው ነገር እንዳለ ሰው ይመለሳል። አንዴ ብቻ «ማንም ይመስልሻል?» ብሎ ጠየቃት። ማንም ምን እንደሆነ አልጨረሰም። እሷም አልጠየቀችውም፤ ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ሰው እንዳይናገር ይሁን ማንም ሳይናገር እንዳይቀር ለይተው አያውቁም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ፣ የባለቤትነት ቃሉ ሳይቆረጥ አሥር ጊዜ መተላለፉ ተረጋግጧል፤ ጣቢያው አርባ ሺህ ያህል ተመልካች እንዳለው ተመዝግቧል፤ የቀረበ ተቃውሞ ባለመኖሩ የማማው ኪራይ በግማሹ ይቀጥላል ይላል። ሁለተኛው ገጽ የተቃውሞ መቀበያው ስልክ መዝገብ ነው። በአሥሩ ቀን ውስጥ የተደወለው ሰባት ጊዜ ነው። ሰባቱም ደዋዮች ሳይናገሩ ዘግተዋል። ከመካከላቸው ረጅሙ ጥሪ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆይቷል።